እንኳን ማርያም ማረችሽ
በካርቱም ሳጃና የአራስ ጥየቃና የእናቶች መረዳዳት አጭር ታሪክ



የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሊቀ መንበሮች፣ ስለ ስብሰባዎች፣ ስለ አዳራሽና ስለ መዋጮ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም እኛ በካርቱም ሳጃና የኖርን ሰዎች መረዳዳትን የተማርነው በመጀመሪያ አራስ ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ለዚያ ሥራ ቃለ ጉባኤ አልተያዘለትም፣ ደረሰኝም አልተቆረጠለትም። የሠሩት እናቶችም ስማችን ይጻፍ አላሉም። ዛሬ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆቻችን በእነማን እጅ ገላቸው እንደታጠበ ሳያውቁ እንዳይቀሩ በማሰብ ይህችን አጭር ታሪክ ማቅረብ ወደድን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። እኛ ባለ ሱቆች ነን። ወንድ አራስ ቤት ገብቶ ብዙ አይቆይም። ነገር ግን ቅቤው፣ የገብስ ዱቄቱ፣ ኮረሪማውና ተልባው የሚያልፈው በእኛ እጅ ስለነበር በሠፈሩ ማን እንደወለደች ከሁሉ ቀድመን የምናውቀው እኛ ነበርን።

አገር ቤት እንዴት ነበር?

በአገራችን ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ። በሰላም ስትገላገል እልልታ ይቀልጣል፤ በብዙ ቦታ ለወንድ ልጅ 7 ጊዜ፣ ለሴት ልጅ 3 ጊዜ ነው። ወዲያው የገብስ ገንፎ ተገንፍቶ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ይደረግበትና የመጣ ሁሉ ይቀምሳል። ጠያቂም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ አራሷም «ማርያም ታኑርሽ» ብላ ትመልሳለች።

በክርስቲያኑ ዘንድ እናት ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን እስኪሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ልጁም ክርስትና የሚነሣው በዚሁ ቀን ነው። መሠረቱ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ይገኛል። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። በሙስሊሙ ወገናችን ዘንድም 40 ቀን የአራስ ጊዜ ተብሎ የተለመደ ነው፤ በ7ኛው ቀን አቂቃ ታርዶ ስም ይወጣል። የትግርኛ ተናጋሪ እህቶቻችን ለአራሷ ገዓት ይሠራሉ፣ የኦሮሞ እናቶች መርቃ ይሏቸዋል፤ ያው ገንፎ ነው። ነገሩም የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይናዎች ወላድን አንድ ወር ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ያሳርፏታል፤ በላቲን አሜሪካም የ40 ቀን ዕረፍት የታወቀ ልማድ ነው።

የሥርዓቱን ውስጥ ላስተዋለ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደም የፈሰሳት፣ ጉልበቷ ያለቀ ሴት ውኃ እንዳትቀዳ፣ እንጨት እንዳትለቅም፣ ምጣድ ላይ እንዳትጎነበስ ይጠብቃታል። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት የምትሄደውም ለዚሁ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከአጠገቧም ብረት አይጠፋም። ብረቱ ክፉ መንፈስ ያርቃል ይባላል። እኛ ግን ከብረቱ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ አብራት የምታድረው ሴት ትጠብቃት እንደነበር እናምናለን።

ሳጃና ስንደርስ

ሳጃና ማለት በዓረብኛ የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ሠፈሩ በካርቱም ደቡብ በኩል ከዴም ጋር ጎረቤት ሲሆን በሕንፃ መሣሪያ ገበያው የታወቀ ነበር። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቀለም የሚፈልግ ሁሉ ወደዚያ ይመጣ ነበር። በዚህ ግርግር መካከል የሐበሻ ቤቶች፣ የቡና ቤቶችና ትንንሽ ሱቆች ነበሩ።

ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን የመጣንበት ጊዜ የተለያየ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ በተለይም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ቀይ ሽብር፣ ብዙ ወጣት በመተማና በሁመራ በኩል በእግሩ ተሻገረ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ በከሰላና በገዳሪፍ በኩል ገባ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ሴቶች በረከቱ፤ አንዳንዶቹ በሰው ቤት ተቀጠሩ፣ አንዳንዶቹ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና ማፍላት ያዙ።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል ያገባችው ስታረግዝ የሚገጥማት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ማን ያርሰኛል?» እናቷ ጎንደር ወይም ደሴ ናት፤ እህቷ ቤይሩት ወይም ጂዳ ናት። ባሏ የቀን ሥራውን ከተወ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ከካርቱም እስከ ጋላባት ድንበር ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላት ሴት ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ስለዚህ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በሳጃና የኑሮ ሕግ ሆነ።

ተራው እንዴት ይያዝ ነበር?

አሠራሩን ያወጣው አንድ ሰው ወይም አንድ ኮሚቴ አይደለም። በቡና ላይ እየተባለ የተለመደ ነው። አንዲት ሴት የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ የግቢዋና የአጠገቧ ቤቶች ሴቶች ይመካከራሉ። ሰው ቤት የምትሠራው ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ዓርብን ትወስዳለች። ሻይ የምታፈላው ማታ ማታ ትመጣለች። ልጆቿ ያደጉላት፣ ቤት የምትውል እናት ሌሊቱን ትይዛለች። አንዷ ገንፎ ስታገነፋ ሌላዋ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች፤ ሌላዋም ትልልቆቹን ልጆች ወደ ቤቷ ወስዳ ታበላለች። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት እንዲህ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ጠያቂው እየቀነሰ ቢሄድም ምሳ የያዘ ሳህን ግን እስከ ክርስትናው ወይም እስከ 40ው ቀን አይቋረጥም ነበር።

ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። አንዱ ስኳር፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ዶሮ ይዞ ይመጣል። የሌለው ደግሞ ሁለት ባልዲ ውኃ ሞልቶ ይሄዳል። ኤርትራዊትዋ፣ አማራዋ፣ ትግሬዋ፣ ኦሮሞዋ፣ ጉራጌዋ፣ ሙስሊሟና ክርስቲያኗ በአንድ አራስ ቤት ሲገናኙ የቆዩበትን ዘመን ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው ያኮራናል። አገር ቤት ወገን ከወገን በተጋጨባቸው ዓመታት እንኳን የገንፎው ድስት አልተከፈለም።

በሱቃችን በኩል ያለውን ደግሞ እንናገር። የአገር ቤት ቅቤ በጭነት መኪና በመተማ በኩል ሲመጣ ዋጋው ይከብዳል፤ በክረምት መንገዱ ሲበላሽም ጨርሶ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ እናቶች የሱዳንን ሰምን ገዝተው በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በእርድና በበሶብላ እያነጠሩ መዓዛውን ወደ አገር ቤቱ አቀረቡት። አጃ ሲጠፋ አጥሚቱ ከዱራ ዱቄት ተሠራ። አብሽ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ ሱዳኖች ሒልባ የሚሉት እርሱ ነው። ለአራስ የሚሆን ዕቃ በዱቤ ይሰጥ ነበር፤ ደብተሩ ላይም «አራስ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ያን ገጽ የሚዘጋው አባትየው ብቻ አልነበረም። ጠያቂ ሴቶች በመንገዳቸው ጎራ ብለው ትንሽ ትንሽ እየጣሉበት የሚዘጉት ጊዜ ብዙ ነው።

የሱዳን ጎረቤቶቻችን

የሱዳናውያን እናቶችን ውለታ ሳናነሣ ብናልፍ ነውር ይሆንብናል። ሱዳኖችም አራሳቸውን 40 ቀን ያሳርፋሉ። ከአብሽ፣ ከተምር ወይም ከዳጉሳ መሰል እህል መዲዳ የሚሉትን ወፍራም ገንፎ ያበሏታል፤ በጥልሕ እንጨት ጢስም ገላዋን ያሞቃሉ። የወሎ እናቶች ይህን ሲያዩ «ይኸማ የእኛ ወይባ ነው» ይሉ ነበር። በአጥር ላይ ገንፎ ወደዚያ፣ መዲዳ ወደዚህ ሲሻገር ቋንቋ ያልተማረችው አዲስ መጤ እንኳን መግባባት አላቃታትም።

አዋላጅን ሱዳኖች ዳያ ይሏታል። ይህ ሙያ በሱዳን ጥሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ስለነበሩ መድኃኒቱን በቀለሙና በሽታው እንዲለዩ ታስተምራቸው ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። የሠለጠነች አዋላጅና አሳቢ ጎረቤት ሲደጋገፉ እናት ትድናለች፤ አንዳቸው ብቻቸውን ግን አይበቁም።

ልማዱ ሁሉ ጥሩ አልነበረም

ታሪክ ስንጽፍ የሚያስመሰግነውን ብቻ መርጠን ልንጽፍ አይገባም። አገር ቤት ሕፃን እንደተወለደ ቅቤ ማላስ የተለመደ ነበር። እንገር የሚባለውን የመጀመሪያውን ቢጫ ወተትም «ይጎዳዋል» ብለው አልበው የሚደፉ ነበሩ። ሐኪሞች ግን እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት እንደማለት ነው፤ ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም ብለው አስተማሩን። ደጋ አገር የተለመደውን በር ዘግቶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ከሰል አንድዶ መተኛትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ካርቱም ውስጥ ጉዳት ነበረው። የታፈነ ቤት ውስጥ የከሰል ጢስ ይገድላል። ስለዚህ የሳጃና እናቶች መስኮቱን ከፈቱ፣ ውኃና አጥሚት አበዙ፣ ገንፎውን ግን አልተዉም። ጥሩውን ይዞ መጥፎውን መጣል እንዲህ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር ደግሞ የአደጋ ምልክትን ማወቅ ነው። ብዙ እናቶች የሚሞቱት ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከሁሉ የከፋው ገዳይም የደም መፍሰስ ነው። ጨርቅ ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የእግር ዕብጠትና ሕመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ጡት አልጠባ ያለ ሕፃን ከታየ ገንፎውንም ጸሎቱንም ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ አባቶቻችን ካሉት 40 ቀን ብዙም አይርቅም።

የልብ ኀዘንንም መርሳት የለብንም። ከወለደች በኋላ ጥቂት ቀናት የምታለቅስ ሴት ብዙ ናት፤ ይህ ያልፋል። ሁለት ሳምንት አልፎት እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተጸየፈች፣ ልጇን ማየት ካልፈለገች ግን ሕመም ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አባባል ከ100 ወላዶች ወደ 13 የሚሆኑት በአእምሮ ሕመም፣ በዋናነትም በዚህ ዓይነት የመንፈስ ጭንቀት ይነካሉ። በእኛ ዘንድ «ሰው ዓይን ነው»፣ «ጋኔን ነው» እየተባለ ተሸፍኖ ኖሯል። በስደት ላይ ያለች፣ እናቷን በስልክ ብቻ የምታገኝ ሴት ለዚህ ሕመም የበለጠ ተጋላጭ መሆኗን ማንም ይረዳዋል። በአራስ ቤት የሚፈላው ቡና ትልቅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነበር። ሴቲቱ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የከፋባትም ከሆነ አንዷ ቶሎ ትነቃበታለች።

ዕረፍቱን ማን ይከፍላል?

አገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳድጎ በድምሩ 120 ቀን አደረገው። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሳጃና ሻይ የምታፈላ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን የሚመለከታት አዋጅ አልነበረም። ያልሠራችበት ቀን ያልበላችበት ቀን ነው። ወልዳ በሁለተኛው ሳምንት ሕፃኑን አዝላ ወደ ከሰሏና ወደ ጀበናዋ የተመለሰች ሴት አይተናል። ገንፎ ያበላናት እኛው ነን፤ የቤት ኪራይዋን ግን ሁልጊዜ መክፈል አልቻልንም። የመረዳዳታችን ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር ብለን እናስባለን። ዕድር ለሞተ ሰው ገንዘብ ያወጣል፤ ለተወለደ ልጅና ላረሰች እናት የተለየ ሣጥን ግን አልነበረንም።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም እናቶች መጥተው እንዲወልዱ ገንፎ ተገንፍቶ ቡና እንዲፈላ ተደረገ። በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። ከወለዱ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ባለሙያ ያያቸው ግን በዚያው ዓመት 34 ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ዛሬም ብዙዎቹ በጎረቤት እጅ ናቸው ማለት ነው።

የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ዋዜማ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ስዑር ነበር። ለሙስሊሞች ደግሞ የረመዳን መጨረሻ ነው። ዶሮ ተገዝቶ፣ ሽንኩርት ተከትፎ ሳለ የካርቱም ጦርነት ፈነዳ። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በዚያን ወቅት ባወጣው መግለጫ በካርቱም 219,000 ነፍሰ ጡሮች እንዳሉና ከእነርሱም 24,000 ያህሉ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይወልዳሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ ገልጾ ነበር። ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ። መብራትና ውኃ ተቋረጠ። አዋላጆች ጥይት እየተተኮሰ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ አዋለዱ።

የሐበሻ ቤተሰቦችም በያሉበት ተበተኑ። ከፊሉ በገዳሪፍ አድርጎ መተማ ገባ፤ ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ካይሮ፣ ከፊሉም ወደ ጁባና ካምፓላ ሄደ። ሱቅ ተዘረፈ፤ የዱቤ ደብተርም ከሱቁ ጋር ቀረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱትም ብዙ ናቸው። የዕቃው ነገር ይሁን። እኛን የሚያሳስበን በካይሮ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወይም በካምፓላ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጎረቤቷን ሳታውቅ የምትወልደው የሳጃና ልጅ ናት። አራስ ቤት ተወልዳ፣ በብዙ እናቶች እጅ ታጥባ ያደገች ልጅ ዛሬ ራሷ ስትወልድ ማን ያርሳታል?

ለማኅበራችን የምናሳስበው

ስለዚህ ይህን የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት አድርገን አራት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን።

1ኛ/ የማኅበራችን አባላት በሚገኙበት ከተማ ሁሉ አምስት ወይም ስድስት ሴቶች የአራስ ተራ ይያዙ፤ ስልካቸውም ለነፍሰ ጡር ሁሉ ይሰጥ።

2ኛ/ ከዕድሩ ሣጥን የተለየ የአራስ ሣጥን ይከፈት። ገንዘቡ ቢያንስ የመጀመሪያውን 40 ቀን የቤት ኪራይ ለመደገፍ ይዋል።

3ኛ/ ከላይ የዘረዘርናቸው የአደጋ ምልክቶች በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ተጽፈው በየአራስ ቤቱ ይለጠፉ።

4ኛ/ እኛ ወንዶች «የሴት ሥራ ነው» ማለት እንተው። ውኃ መቅዳት፣ ጨርቅ ማጠብ፣ ሌሊት ሕፃን ማቀፍ ማንንም አያዋርድም። በስደት ባል ለሚስቱ እናትም እህትም ሊሆናት ይገባል።

ይህ ከባድ ነገር አይደለም። በሳጃና ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተም ስንሠራው የኖርነው ነው። አሁን የሚያስፈልገው ጎረቤት ተበትኖ እንኳን እንዲቀጥል ማደራጀት ብቻ ነው።

በሳጃና ላረሱን፣ ላጠቡን፣ ላጎረሱን እናቶች ሁሉ፣ በሕይወት ላሉት ዕድሜና ጤና፣ ላለፉት የነፍስ ዕረፍት ይስጥልን። በዚህ ዓመት ለሚወልዱ እህቶቻችን ማርያም በሽልም ታውጣችሁ፣ አላህ በሰላም ያገላግላችሁ እያልን፣ ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ ብለን እንመርቃለን። ለሱዳን ጎረቤቶቻችንም ሰላም ያውርድላቸው።

አሜን።